ከደጃፍ እስከ አዳራሽ፦ የድሬስደን ብላቴኖች ዝማሬ

ከዘጠኝ ዓመት ልጅ እስከ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት የሚደርሱ ወንዶች ልጆች በሰልፍ ወደ መድረክ ይወጣሉ። ትንንሾቹ ከፊት፣ ረጃጅሞቹ ከኋላ ይቆማሉ። መሪያቸው እጁን ያነሣል፤ ያለ አንዳች የሙዚቃ መሣሪያ ዝማሬው ይጀምራል። አዳራሹ ቲኬት ቆርጦ በገባ ሰው ሞልቷል። መዝሙሩ ሲያልቅ ይጨበጨባል፤ ሌላ መዝሙር ይቀጥላል፤ ደግሞ ይጨበጨባል። የሚዘመረው ግን መዝሙረ ዳዊት ነው፤ የኢሳይያስ ትንቢት ነው፤ የጌታ ሕማማት ነው።

እንዲህ ባለ ኮንሰርት ላይ የተቀመጠ አማኝ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። አሜን ልበል ወይስ ላጨብጭብ? እያመለክሁ ነው ወይስ ትርኢት እያየሁ? በእኛም አብያተ ክርስቲያናት «ኮንሰርት» የሚለው ቃል ከለመደን ወዲህ ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ በልቡ ይዞ ይመላለሳል። አንዳንዱ ቲኬት የተቆረጠበት ዝማሬ ሁሉ ከአምልኮ ወጥቷል ይላል፤ ሌላው ደግሞ ድምፅ ካማረ ሁሉም መንፈሳዊ ይመስለዋል። እኔ ወደ መልሱ ከመቸኮል በፊት የእነዚህን ልጆች ታሪክ ማውራት ይሻላል ባይ ነኝ። ታሪኩ ከአዳራሽ አይጀምርም፤ ከሰው ደጃፍ ነው የሚጀምረው። (የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጆቹ ክሮይትስኮር ይባላሉ፤ «የመስቀሉ መዘምራን» እንደ ማለት ነው። ከተማቸው በጀርመን በሳክሶኒ ግዛት፣ በኤልበ ወንዝ ዳር ያለችው ድሬስደን ናት። ቤተ ክርስቲያናቸው ስሟን ያገኘችው፣ ከጌታ መስቀል የተከፈለ ግማድ ነው ተብሎ ይከበርባት ከነበረ እንጨት ነው። የግሸን ማርያምን ታሪክ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። መዘምራኑ ከ800 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳላቸው ይነገራል። ከእነርሱ ጋር የሚስተካከሉት ጎረቤቶቻቸው፣ በላይፕዚግ ከተማ ያሉት የቅዱስ ቶማስ መዘምራን ናቸው። ሁለቱም የተወለዱት ከአንድ ማኅፀን ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት።

በዚያ ዘመን በጀርመን ከተሞች የድኻ ልጅ ትምህርት ቤት ለመቆየት አንድ ዋነኛ መንገድ ነበረው፤ እርሱም መዘመር ነው። ልጁ በቤተ ክርስቲያን ቅዳሴውን ያጅባል፣ በቀብር ላይ ከሬሳው ፊት እየዘመረ ይሄዳል፤ በቀረው ጊዜ ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር በየደጃፉ እየዞረ ዘምሮ ቁራሽ ዳቦና ሳንቲም ይቀበላል። ይህ ዙረት ኩሬንደ ይባል ነበር። ለሌላ አገር አንባቢ ብዙ ማብራሪያ ያስፈልገው ይሆናል፤ ለእኛ ግን አያስፈልግም። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ በዱላው ውሻ እየተከላከለ በየቤቱ ደጃፍ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለውን የቆሎ ተማሪ የማያውቅ ማን አለ? የጀርመኖቹ ልጆች በላቲን «ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ዳቦ» ይሉ ነበር። ወንጌላውያን እንደ መሆናችን በቆሎ ተማሪው ጥሪ ውስጥ ባለው ስም ላይ የራሳችን ሐሳብ ይኖረን ይሆናል፤ ረሃቡ ግን ያው ረሃብ ነው፤ የመማር ጉጉቱም ያው ነው።

ከእነዚህ የጀርመን «የቆሎ ተማሪዎች» አንዱ ማርቲን ሉተር ነበር። አባቱ በመዳብ ማቅለጥ ሥራ የሚተዳደሩ እንጂ ጭራሽ ያጡ ሰው አልነበሩም። ቢሆንም ልጁ በ1497 ወደ ማግደቡርግ፣ በዓመቱም ወደ አይዘናህ ለትምህርት ሲላክ እንደ ጓደኞቹ በየደጃፉ ዘምሯል። ይህን ነገር በኋላ አላፈረበትም። በ1530 ወላጆች ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት እንዳያስወጡ አጥብቆ ሲጽፍ፣ ደጃፋችሁ ላይ ቆመው ዳቦ የሚለምኑትን ልጆች አትናቁ፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ ሲል ያስታውሳቸዋል። ስለ ጸጋ እንዲያ አብዝቶ የጻፈ ሰው ቁራሽ መቀበልን ገና በልጅነቱ የተማረ መሆኑ ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

ተሐድሶው ሲመጣ የእነዚህ ልጆች ዕጣ አጠያያቂ ሆነ። መዘምራኑ የቆሙት በአሮጌው ሥርዐት ላይ ነበራ! ሀብታሞች ለነፍሳቸው መታሰቢያ ቅዳሴ እንዲቀደስላቸው ገንዘብና መሬት ይሰጣሉ፤ ከዚያ ገቢ ልጆቹ ይቀለባሉ። ሉተር ያን ዓይነት ቅዳሴ ሲቃወም የልጆቹንም እንጀራ እየነካ ነበር። በስዊዘርላንድ ዙሪክ ላይ ዝቪንግሊ፣ እርሱ ራሱ ብዙ የሙዚቃ መሣሪያ መጫወት የሚችል ሰው ሆኖ ሳለ፣ ዝማሬን ከአምልኮ አስወጣ፤ ኦርጋኖቹም ዝም አሉ። በሳክሶኒም እንዲህ ሊሆን ይችል ነበር።

እንዲህ ያልሆነበት ምክንያት ሉተር በዚህ ነገር ላይ የያዘው አቋም ነው። በ1524 ዮሐን ቫልተር የተባለው ሙዚቀኛ በቪተንበርግ በብዙ ድምፅ የሚዘመሩ መዝሙሮች ሰብስቦ ሲያሳትም ሉተር መቅድም ጻፈለት። ወንጌል ጥበብን ሁሉ ያጠፋል የሚሉትን እንደማይቀበል፣ ይልቁንም ጥበባት፣ በተለይም ሙዚቃ፣ ለፈጠራቸው አምላክ አገልግሎት እንዲውሉ እንደሚወድ በዚያ ይናገራል። ሌላም ምክንያት አለው፦ ወጣቱ በየመሸታው ከሚሰማው ዘፈን የተሻለ የሚዘምረው ነገር ያስፈልገዋል። ያ መጽሐፍ በቅድሚያ የተዘጋጀው ለሽማግሌዎች አልነበረም፤ በትምህርት ቤት ለሚማሩ ልጆች ነበር። አዲሱን ትምህርት ወደ ሕዝቡ ጆሮ ተሸክመው ከገቡት መካከል ድምፃቸው ገና ያልጎረነነ ብላቴኖች ነበሩበት።

ተሐድሶው ድሬስደን የደረሰው ዘግይቶ ነው። የሉተር ብርቱ ተቃዋሚ የነበረው መስፍን ጊዮርጊስ በ1539 እስኪሞት ድረስ በሩ ተዘግቶ ቆየ። ወንድሙ ሃይንሪኽ ሥልጣኑን ሲወርስ በዚያው ዓመት ሉተር ራሱ ላይፕዚግ ወርዶ በቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን ሰበከ፤ የድሬስደኗ የመስቀል ቤተ ክርስቲያንም ወደ ወንጌላዊው አምልኮ ተሻገረች። የግማዱ ክብር ቀረ፤ ለሙታን የሚደረገውም ቅዳሴ ቀረ። ልጆቹ ግን ቀሩ ማለት አይደለም። ከተማው ትምህርት ቤቱን ተረከበ፤ ልጆቹም እየተማሩ መዘመራቸውን ቀጠሉ። ልዩነቱ፣ ከእንግዲህ የሚዘምሩት ወንበር ላይ ተቀምጦ በገዛ ቋንቋው ለሚሰማና አብሮ ለሚዘምር ሕዝብ መሆኑ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን 200 ዓመት በጨረፍታ አልፌ ወደ ዮሐን ሰባስትያን ባክ ልሻገር። ባክ በ1723 የላይፕዚግ ቶማስ መዘምራን መሪ ሆነ። ዛሬ ስሙን ስንሰማ መላእክት የሚዘምሩለት ይመስለናል። እርሱ ግን በኦገስት 1730 ለከተማው ምክር ቤት በጻፈው ማስታወሻ ልጆቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ ይመድባቸዋል፦ 17 የሚረቡ፣ 20 ገና የማይረቡ፣ 17 ጨርሶ የማይሆኑ። በእነዚህ ልጆች አራት አብያተ ክርስቲያናት ማገልገል ነበረበት፤ ወደ አራተኛዪቱ የሚላኩት የተረፉት ናቸው፤ ሙዚቃ የማያውቁ፣ የጉባኤውን መዝሙር እንኳ በግድ የሚዘምሩ። ለዓለም ሁሉ የተረፈው ያ ሁሉ ካንታታና ፓሽን መጀመሪያ የተዘመረው በእንደነዚህ ያሉ ልጆች ነው። የእኛም አጥቢያ የኳየር መሪዎች እሑድ ጠዋት ስንት ልጅ እንደ መጣ እየቆጠሩ ሲጨነቁ ይህን ቢያስታውሱ ደስ ይለኛል።

በዚያው ዓመት በኦክቶበር ባክ ለአንድ የልጅነት ወዳጁ ደብዳቤ ጻፈ፤ ሥራ ፈልግልኝ ነው ነገሩ። ገቢው ከቀብር ዝማሬም ስለሚገኝ፣ አየሩ ጤናማ ሲሆንና የሚሞት ሰው ሲያንስ ገቢውም እንደሚያንስ ሳያፍር ይነግረዋል። ያነበበ ሰው ይስቃል። ነገር ግን ከሬሳው ፊት በብርድ እየዘመሩ የሚሄዱት እነዚያው ልጆች መሆናቸውን ሲያስብ ሳቁ ይቆማል። ዝማሬና እንጀራ ያን ጊዜም ተለያይተው አያውቁም።

ታዲያ ወደ ኮንሰርት አዳራሽ የወጡት መቼ ነው? አብዛኛው ነገር የተለወጠው ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በጣም ግልጽ የሆነው ምሳሌ የካቶሊኮቹ የቪየና ብላቴኖች ናቸው። በ1498 በንጉሠ ነገሥት ማክሲሚልያን ቤተ መንግሥት የተቋቋሙት እነዚህ ልጆች በ1918 ንጉሣዊው አገዛዝ ሲወድቅ ቀላቢ አጡ። ዮሴፍ ሽኒት የተባሉ ካህን በ1924 በራሳቸው ገንዘብ ጭምር መልሰው አሰባሰቧቸው፤ ገንዘቡ ግን አልበቃም። በ1926 ከጸሎት ቤት ወጥተው ለሕዝብ በክፍያ መዘመር ጀመሩ፤ በ1932 አሜሪካ ደረሱ። ዛሬ ዓለም የሚያውቃቸው በዚያ ነጭና ሰማያዊ የመርከበኛ ልብስ ነው። በሌላ አነጋገር የኮንሰርት ጉዞ አዲሱ ኩሬንደ ነው። ደጃፉ ሰፋ፤ ቁራሹ ቲኬት ሆነ። የላይፕዚግና የድሬስደን ልጆችም በእነዚህ ዐሥርት ዓመታት ሻንጣቸውን ይዘው ባቡርና መርከብ መሳፈር ለመዱ።

ሩዶልፍ ማወርስበርገር የመስቀሉ መዘምራን መሪ የሆነው በ1930 ነው። በኤርትስገቢርገ ተራሮች ያለች ማወርስበርግ የምትባል መንደር ተወላጅ ነው፤ ወደ ድሬስደን ከመምጣቱ በፊት ያገለገለው በአይዘናህ፣ ሉተር በልጅነቱ በዘመረባት፣ ባክም በተወለደባት ከተማ ነበር። ልጆቹን በዓለም ታዋቂ ያደረጋቸው እርሱ ነው። በ1935ና በ1938 ወደ አሜሪካ ይዟቸው ሄደ።

እነዚህን ሁለት ዓመታት ሳላስተውል ማለፍ አልችልም። ጀርመንን የሚገዛው ሂትለር ነው። ማወርስበርገርም በ1933 የናዚ ፓርቲ አባል ሆኖ ነበር። አሜሪካዊው አድማጭ በአዳራሹ ተቀምጦ እነዚያን ንጹሕ ድምፆች ሲሰማ፣ እንዲህ ያሉ ልጆች ያሉት አገር እንዴት ክፉ ሊሆን ይችላል ቢል ማን ይፈርድበታል? መንግሥቶች ይህን ያውቃሉ፤ ለዚህም ነው መዘምራንን የሚወዱት። በዚያው በ1938፣ በኖቬምበር፣ የድሬስደን ምኩራብ በእሳት ጋየ። ከመስቀል ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሩቅ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን በዚያች ሌሊት ምን አደረገች ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ በጀርመን ከጥቂቶች በቀር ዝም አለች የሚል መልስ ያገኛል። መዘመር የሚችል አፍ ዝም ሲል ዝምታው ከሌላው ዝምታ ይልቅ ይከብዳል።

ከስድስት ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ እሳቱ ወደ ከተማይቱ ሁሉ መጣ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1945፣ ከዐቢይ ጾም መግቢያ በፊት ባለው ማክሰኞ ማታ፣ የእንግሊዝ የጦር አውሮፕላኖች ድሬስደንን ደበደቡ፤ በማግሥቱ አሜሪካውያን ተከተሉ። እስከ 25,000 የሚደርስ ሰው አለቀ። የመስቀል ቤተ ክርስቲያን ውስጧ ተቃጠለ፤ የልጆቹ ትምህርት ቤት ፈረሰ፤ ከመዘምራኑም 11 ልጆች ሞቱ።

11 ልጆች። ከሞቱት ሁሉ ጋር ሲነጻጸር ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አንድ የዝማሬ መሪ የልጆቹን ድምፅ እያንዳንዱን ለይቶ ያውቃል፤ ማን ከፍ እንደሚል፣ ማን ትንፋሽ እንደሚያጥረው፣ የማን ድምፅ ሊጎረንን እንደ ቀረበ። ማወርስበርገር ወደ ትውልድ መንደሩ ሄደ። በስቅለት ዓርብና በቀዳም ሥዑር ተቀምጦ አንድ የዝማሬ ድርሰት ጻፈ። ቃሉን የወሰደው ከሰቆቃወ ኤርምያስ ነው።

መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ገልጣችሁ የመረጣቸውን ክፍሎች እንድታዩ እለምናችኋለሁ፤ ምርጫው ራሱ ስብከት ነውና። ከምዕራፍ 1 ሕዝብ ሞልቶባት የነበረችው ከተማ ብቻዋን መቀመጧን ወሰደ። ከምዕራፍ 4 የመቅደሱ ድንጋዮች በየመንገዱ ዳር መበተናቸውን ወሰደ፤ በድሬስደን ይህ ምሳሌ አልነበረም፤ በእግር የሚረገጥ ነበር። ከላይ ስለ ወረደው እሳት የሚናገረውን 1፥13ን ወሰደ። ደግሞም 1፥9ን አስገባ፤ ከተማይቱ ፍጻሜዋን ሳታስብ መኖሯን የሚናገረውን። ከምዕራፍ 5 እግዚአብሔር ሕዝቡን ወደ ራሱ እንዲመልስ የሚለምነውን ጸሎት ወሰደ።

የተዋቸውንም ማየት ተገቢ ነው። ሰቆቃወ ኤርምያስ ጠላት የእጁን እንዲያገኝ የሚለምኑ ቁጥሮች አሉት፤ ምዕራፍ 1ም ምዕራፍ 3ም የሚያልቁት በእነርሱ ነው። ከቦምብ በተረፈች ከተማ ውስጥ እነዚህን ልጆች ስለ እንግሊዝና ስለ አሜሪካ እንዲዘምሯቸው ማድረግ ምን ያህል ቀላል ነበር! በድርሰቱ ውስጥ ግን የበቀል ልመና የለም። ማወርስበርገር ስለ ፓርቲ አባልነቱ በልቡ ምን እንዳለ እግዚአብሔር ያውቃል፤ እኔ ልፈርድለትም ልፈርድበትም አልደፍርም። በልጆቹ አፍ ያስቀመጠው ቃል ግን ፍጻሜዋን ያላሰበችው ከተማ የእኛ ናት የሚል ነው። ሰው አንዳንድ ጊዜ በገዛ አፉ ሊለው የማይችለውን መጽሐፍ ቅዱስ ያስብለዋል።

የተረፉት ልጆች በጁላይ ተሰበሰቡ። ኦገስት 4 ቀን 1945 ቅዳሜ ማታ በተቃጠለችው ቤተ ክርስቲያን ከጦርነቱ በኋላ የመጀመሪያውን የዝማሬ ጸሎት አደረጉ። ያን ድርሰት ለመጀመሪያ ጊዜ ዘመሩት። የሚሰሟቸው ሰዎች ከፍርስራሽ ወጥተው ነው የመጡት፤ ሲጨርሱም የሚመለሱት ወደ ፍርስራሽ ነው። ዛሬ ይህ ድርሰት በብዙ አገር መዘምራን ይዘመራል፤ አድማጩም እንደ ማንኛውም ዝማሬ ያጨበጭብለታል። መጀመሪያ ግን የተሠራው ለጭብጨባ አልነበረም። የሚያለቅስበት ቃል ላጣ ሕዝብ ቃል ለመስጠት ነበር።

ያ ዘመን ሲያልፍ ድሬስደን በኮሚኒስቶች እጅ ወደቀች። እግዚአብሔር የለም የሚል መንግሥት የቤተ ክርስቲያን መዘምራንን ያፈርሳል ብለን እንጠብቅ ነበር። አላፈረሰም። በከተማው በጀት አኖራቸው፤ ወደ ውጭ አገር እየላከም ስሙን አስጠራባቸው። ለማወርስበርገርም ብሔራዊ ሽልማት ሰጠው። እዚህ ላይ የእኛ አገር ታሪክ ይገባል፤ ምክንያቱም ያ መንግሥት የደርግ የቅርብ ወዳጅ ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ የቆመውን የካርል ማርክስ ሐውልት የሰጠን እርሱ ነው። የምሥራቅ ጀርመኑ መሪ ሆኔከር አዲስ አበባን በጎበኘበት በ1979፣ ከጉብኝቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአምልኮ ሲወጡ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። የሉተር ልጆች ናቸው እርሳቸውም። ድሬስደን ላይ ብላቴኖቹ በየቅዳሜው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲዘምሩ፣ እዚህ ብዙ ቅዱሳን ጎረቤት እንዳይሰማ መስኮት ዘግተው፣ በሹክሹክታ ይዘምሩ ነበር። የትኛው ዝማሬ ይበልጣል ብዬ ሚዛን አላነሣም። መንግሥት የሚፈራው ዝማሬ እንዳለ ሁሉ መንግሥት የሚያጌጥበትም ዝማሬ አለ፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አንዱ መዝሙር በሁለት አገር ሁለቱንም ይሆናል።

ስለ ልጆቹ ራሳቸው አንድ ነገር ልጨምር። የወንድ ልጅ የሶፕራኖ ድምፅ ዕድሜው አጭር ነው። በዘጠኝ ዓመቱ ይጀምራል፤ በአሥራ ሦስት ወይም በአሥራ አራት ዓመቱ ይጎረንናል፤ አንድ ቀን የነበረው ድምፅ በማግሥቱ የለም። ሃይድን፣ በኋላ ታላቅ ሙዚቀኛ የሆነው፣ በቪየና በቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል ይዘምር የነበረ ልጅ ነው፤ ድምፁ ሲጎረንን በ1749 ተሰናበተ፤ ቀጥሎም ኑሮ ከበደው። ድምፁን ወደው ልጁን ጣሉት ማለት ነው። በድሬስደንና በላይፕዚግ ግን ሌላ ልማድ አለ፤ ድምፁ የጎረነነው ልጅ ጥቂት ጊዜ ያርፍና ቴነር ወይም ባስ ሆኖ ወደ ኋለኛው ረድፍ ይመለሳል። ቅድም ከኋላ የቆሙት ረጃጅሞች ያልኋቸው እነዚህ ናቸው። ፒተር ሽራየር በ1945 በአሥር ዓመቱ ከፍርስራሹ መካከል ከተሰበሰቡት ልጆች አንዱ ነበር። መጀመሪያ አልቶ ሆኖ ለብቻው ይዘምር ነበር፤ ድምፁ ተለወጠ፤ ቆይቶም በዓለም ከታወቁት ቴነሮች አንዱ ሆነ። በባክ ፓሽኖች ውስጥ የወንጌላዊውን ክፍል፣ ማለትም የማቴዎስንና የዮሐንስን ትረካ፣ በመዘመር ብዙዎች ያስታውሱታል።

ይህን የማነሣው ስለ እኛ ልጆች እያሰብሁ ነው። በገናና በፋሲካ ነጭ አልብሰን መድረክ እናወጣቸዋለን፤ ስልካችንን አንሥተን እንቀርጻቸዋለን፤ አሜን እንላለን። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላቸው ግን ስንቶቻችን የት እንደ ቆሙ እናውቃለን? ለልጅነታቸው ጌጥነት ቦታ ያላት፣ ለጎረምሳነታቸው የኋላ ረድፍ የሌላት ቤተ ክርስቲያን ሃይድንን ካሰናበተችው ብዙ አትለይም። እነዚያ ጀርመኖች በብዙ ነገር ተሰናክለዋል፤ በዚህ ግን ይሻሉናል።

ለመሆኑ በኮንሰርቱ ላይ ምን እናድርግ? እኔ አጨብጭቡ እላለሁ። ልጆቹ ለፍተዋል፤ ቁራሻቸውም ይገባቸዋል። የሉተርን ምክር ይዘን፣ ደጃፍ ላይ የቆመን ዘማሪ ልጅ አንናቅም። የምናየው ግን መንገዱን ብቻ እንደ ሆነ እንወቅ። ጉዞው ሲያልቅ ልጆቹ የሚገቡት ወደ ቤታቸው ነው። ቤታቸው ለስምንት መቶ ዓመት ያገለገሉት ጉባኤ ነው፤ ቅዳሜ ማታ ቲኬት ሳይሆን ሸክም ይዞ የሚመጣ ሰው ያለበት። ይህን ቤት ያላየ አድማጭ ግማሹን ዝማሬ ብቻ ነው የሰማው።

ማወርስበርገር ከጦርነቱ በኋላ ባሉት ዓመታት ሌላም ትልቅ ሥራ ጻፈ፤ የድሬስደን ሬክዊየም ይባላል፤ ለዚያች ሌሊት ሙታን መታሰቢያ ነው። መዘምራኑን በሦስት ቦታ ከፍሎ ያቆማቸዋል፦ ዋናው ክፍል በአንድ ወገን፣ ሌላው በመሠዊያው አጠገብ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሩቅ፣ አድማጩ ሊያየው በማይችልበት። በፌብሩዋሪ 13 ዙሪያ በመስቀል ቤተ ክርስቲያን ይዘመራል። ዛሬ የሚዘምሩት ልጆች ያን ጊዜ አልተወለዱም፤ የወላጆቻቸው ወላጆችም ብዙዎቹ አልተወለዱም። ከፊት ያሉት ይዘምራሉ፤ ከዚያም ከሩቅ የማይታዩት ይመልሱላቸዋል።